ላም ሰዳቢው ሠዓሊ

ጡረታ ወጥቶ አዲስ ሙያ የጀመረ ሰው ለሰፈሩ የተመደበ ፈተና ነው። ታውቁታላችሁ። አንዱ ንብ ማነብ ይጀምርና ጎረቤቱ ዓመቱን ሙሉ ዓይኑ አብጦ ይከርማል። አንዱ ስለ ባህል መድኃኒት ያነብና የሰፈሩን ጨጓራ ሁሉ ካልመረመርኩ ይላል። ሌላው ሕግ ያጠናና አጥር ከሚጋራው ሰው ጋር ፍርድ ቤት ሲመላለስ ያረጃል። ዕድሜውን ሙሉ በሰው ትእዛዝ ገብቶ የወጣ ሰው አንድ ቀን ጠዋት የሚፈርምበት ወረቀት ሲያጣ፣ ያን ሁሉ ዓመት ያጠራቀመውን ጉጉት የሚያፈስበት ቦታ ይፈልጋል። የሚያፈስበትም እናንተ ላይ ነው።

ለቡራዩ የደረሳት ፈተና ክቡር ሠዓሊ ጋሽ ፍቅረሥላሴ ይባላሉ። «ክቡር» የሚለውን ማዕረግ የሸለሟቸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ ሲሸልሟቸው ግን ሳቃቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን ዞር አድርገው ነበር። ጋሽ ፍቅረሥላሴ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ማህደር ሲያወጡና ሲመልሱ ኖረው ጡረታ ወጡ። በወጡ በአሥራ አንደኛው ቀን አምቦ መንገድ ዳር ታክሲ ሲጠብቁ፣ ሲሚንቶ የተጫነች አንዲት አህያ አንገቷን ዞር አድርጋ አየቻቸው። አለቀ። ታክሲውም አለፋቸው።

«ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ጉርድ ፎቶ ማህደር ላይ ስለጥፍ ኖሬ አንድም ፊት አልተናገረኝም» ይላሉ እስከ ዛሬ፣ ጠየቃችኋቸውም አልጠየቃችኋቸውም። «ያቺ አህያ ግን አንዴ ብታየኝ የሆነችውን ሁሉ ነገረችኝ!»

የነገረቻቸውን ለማስቀመጥ የውሃ ቀለም ገዙ። ከዚያ ወዲህ የእንስሳ ፊት ይስላሉ። ፊት ብቻ። እግር አይስሉም፣ ጅራት አይስሉም፣ ተራራና ሣር አይስሉም። ለምን ብትሏቸው «ጅራት ምን ይናገራል?» ብለው ያዝኑላችኋል። ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ብለው ከጮኹ መውረጃቸው ደርሶ አይደለም፤ በመስኮት በቅሎ አይተው ነው። የሚስሉበትም ውሃ የቧንቧ አይደለም፤ የቧንቧ ውሃ ቀለም ይገድላል ብለው በላስቲክ ጠርሙስ ከገፈርሳ ዳር ይቀዳሉ። የቧንቧውም ውሃ ከዚያው ከገፈርሳ እንደሚመጣ የነገራቸው ጎረቤት እስካሁን ይቅርታ አላገኘም።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አንድ የብረታ ብረት ሱቅ ሌባ የሚያርበደብድ ውሻ ነበረው። ጋሽ ፍቅረሥላሴ ፊቱን ሳሉና ለባለሱቁ ወሰዱለት። ሥዕሉ ላይ ያ አስፈሪ ውሻ «ማታ ማታ ለምን ጥላችሁኝ ትሄዳላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ይመስላል። ባለሱቁ ሦስት ቀን አየው፣ አላስችል አለው፣ በአራተኛው ቀን ሰንሰለቱን ፈታ። አሁን ውሻው ሌባ ቢመጣ ጭራውን እየቆላ እንደሚያስገባ ይነገራል። በቤታቸውም ለፋሲካ የተገዛ በግ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ትጊ ቢላዋ ሲያስስሉ እሳቸው በጉን ሳሉት። «ፊቱን ካወቅሁት በኋላ እንዴት ይበላል?» ብለው አሻፈረኝ አሉ። በጉ ተሸጠ፣ ሥጋ በኪሎ ተገዛ። «ይህኛውን አላውቀውም» ብለው ከሁሉም በላይ የበሉት ራሳቸው ናቸው።

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሱሉልታ የወረዱት። ሜዳው ላይ የሚግጡ ፈረሶች አሉ ሲባል ሰምተው ነው የመጡት። ፈረሶቹ ጋ ግን አልደረሱም። በመሃል የገለቴ አጥር አለ።

ገለቴ ላሞች አርብታ ወተት የምትሸጥ ሴት ናት። አራት ላሞች አሏት። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ልጇ ቦሩ ብሎኬት ማምረቻ ይሠራል፤ ማታ ደክሞት ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ቀኑን ሙሉ የምታወራው ከላሞቹ ጋር ነው፣ እሱም አጭር አጭር ቃል ነው። ከአራቱ ቤቱን ያቆመችው ቡሬ ናት። ቡሬ በቀን ስንት ሊትር እንደምትሰጥ ገለቴ ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ እዚህም አይጻፍም። ያን ጊዜ ቡሬ ከወለደች ገና ሦስት ሳምንቷ ነበር። የወለደች ላም ደግሞ በገለቴ ቤት ለባዕድ ዓይን አትታይም፣ ወተቷ ሳይከደን ከደጅ አይወጣም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አትሞገስም። የሰው ዓይን እንደሚበላ የምታውቅ ሴት ናት፤ ያመሰገኑባት ጊደር በማግሥቱ የሞተችባት ሴት ናት።

በአጥሩ ላይ አንገቷን ያወጣችው ራሷ ቡሬ ስለሆነች ጥፋቱ የሷ ነው። ጋሽ ፍቅረሥላሴ ድንጋይ ሆነው ቆሙ። ቦርሳቸው ከትከሻቸው ተንሸራቶ ወደቀ። ከዚያ መንደሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ጮኹ።

«ዓይኗን እዩልኝ! ኧረ በፈጠራችሁ፣ ዓይኗን እዩልኝ!»

እበት ትዝቅ የነበረችው ገለቴ አካፋዋን እንደያዘች ብቅ አለች።

«ህን ኢላሊን! አይዩብኝ! ማነዎት እርስዎ? ዞር ይበሉ ከዚያ!»

«እመቤቴ፣ የዚህችን ላም ፊት መሳል አለብኝ። በውሃ ቀለም። እንዲህ ያለ ዓይን በዕድሜዬ አላየሁም፤ እንዲህ ያለ ግንባር...»

«ዝም ይበሉ!» ገለቴ ነጠላዋን ገፍፋ የላሟን ፊት ሸፈነች። «አራስ እኮ ናት! አራስ ላም ፊት ለፊት ይሞገሳል? ግቢ ቡሬ! ግቢ ከዚህ!»

ጋሽ ፍቅረሥላሴ በሸፈነችው ነጠላ ሥር ያለውን የጆሮ ቅርፅ ሳይቀር እያዩ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄዱ። ገለቴ ያን ቀን ደጃፉን ሁሉ ጸበል ረጨች።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ፖስታ ይዘው ተመለሱ። ስሟን ከጎረቤት ጠይቀዋል፤ የላሟን ስም ደግሞ ማክሰኞ ገለቴ ስትጮህባት ሰምተዋል። ፖስታውን በአጥሩ ላይ ዘርግተው ሰጧትና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ቆሙ። ገለቴ ፖስታውን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ክብ ማኅተም ነው። ማኅተም ያለበት ወረቀት ወደዚያ ግቢ የሚመጣው ስለ መሬት ብቻ ነው፤ በመጣም ቁጥር የባሏ ፀጉር ይሸብት ነበር። ከላይ ጀምራ አነበበች።

«ቁጥር 001። ለወይዘሮ ገለቴ፣ ሱሉልታ። ጉዳዩ፦ የላምዎን ፊት ለመሳል ፈቃድ ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ላምዎ ቡሬ በአጥር በኩል ባደረገችው አስተያየት ሥራዬን በእጅጉ ያስተጓጎለችኝ በመሆኑ፣ ፊቷን በውሃ ቀለም እንድሥል አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከሰላምታ ጋር። ግልባጭ፦ ለቡሬ፣ ባለችበት።»

ማኅተሙን ደግማ ተመለከተችው። በሐምራዊ የውሃ ቀለም የተሳለ ነው። መሃሉ ላይ ቀንድ አለ።

ገለቴ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ሳቀች፣ ቀጥሎ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፣ በመጨረሻ የፉርሽካ ከረጢት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚያ ግቢ ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ላሞቹ ማመንዠካቸውን አቁመው አዩዋት።

ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ተነሳችና ፈቃድ ሰጠች። ፈቃዱ ግን እንደ ማንኛውም ፈቃድ ቅድመ ሁኔታ ነበረው። የሚስሉት እሷ ራሷ በምታልብበት ሰዓት ብቻ ነው። ስለ ወተቱ መጠን አንዲት ቃል አይተነፍሱም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማሞገስ የለም።

«ካላሞገስኳት እንዴት እስላታለሁ?» አሉ ጋሽ ፍቅረሥላሴ። «እጄ ምን ይዞ ይንቀሳቀስ?»

«ይስደቧት።»

«ማንን?»

«ቡሬን ነዋ! እርስዎ አፍዎ እንደማይዘጋ አይቻለሁ። ካልቀረ ይስደቧት። የተሰደበን ነገር ዓይን አይፈልገውም።»

የመጀመሪያው ቀን ስድብ አሳዛኝ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት «ክቡርነትዎ» ሲል የኖረ አፍ ስድብ አይቀናውም። ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ወረቀታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ቡሬን በፍቅር እያዩ፣ «አንቺ... አንቺ መመሪያ የማታከብሪ!» አሉ።

ገለቴ ግንባሯን የላሟ ጎን ላይ አስደግፋ እያለበች ነበር። «ይኼ ስድብ ነው? ጠንከር ያድርጉት እንጂ!»

«አንቺ... ግዴታሽን በአግባቡ የማትወጪ!»

በሦስተኛው ቀን ግን ወጣላቸው። «አካም ቡልታኒ፣ አዴ ገለቴ!» ብለው ከመንገዱ ሰላምታ ከሰጡ በኋላ፣ በረቱን ሲረግጡ ወዲያው ይጀምራሉ። «አንቺ የተቀደደ ጆንያ! ይኼም አፍንጫ ሆነና ነው? ጭቃ የጠጣ ቦት ጫማ! ጆሮሽን ተመልከቺው፣ እርጥብ ካልሲ!» እየሰደቡ ወረቀቱን በውሃ ያርሳሉ። እየሰደቡ ሰማያዊ ጠብ ያደርጋሉ። ቀለሙ በእርጥቡ ወረቀት ላይ ወደ አሻው ሲሄድ ትንፋሻቸውን ይዘው ወረቀቱን ዘንበል ቀና ያደርጉታል። «ቀለሙን እኔ አመጣለሁ፣ የቀረውን ውሃው ያውቃል!» ይላሉ። ሐምራዊው በሰማያዊው ውስጥ ፈሶ የቡሬ አገጭ ሲሆን ቂጣቸው ዱካው ላይ አልረጋም ይላል፤ እንደ ሰርግ ቤት ልጅ ይቅበጠበጣሉ።

«ዓይኗ ውስጥ ያለችውን ብልጭታ በምን ይቀቧታል?» ብላ ጠየቀች ገለቴ አንድ ቀን፣ ሳታስበው።

«አልቀባትም!» ጋሽ ፍቅረሥላሴ ይህን የጠየቃቸው ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ደስታው ከዱካቸው አስነሳቸው። «ሚስጥሩ እሱ ነው፣ አዴ ገለቴ! ዙሪያዋን እቀባና እሷን እተዋታለሁ። ብልጭታዋ ባዶ ወረቀት ናት። በስህተት አንድ ጠብታ ከነካኋት ላሟ ታውራለች፣ ከሀ እጀምራለሁ!»

ከሀ የጀመሩትም ብዙ ቀን ነው። የሱሉልታ ብርድ ወረቀት አያደርቅም። ባይሆን ብለው እርጥቡን ሥዕል የቡሬ ሙቅ ጎን አጠገብ ይዘው ይቆማሉ፣ በወዲያኛው ጎን ገለቴ ታልባለች፣ በመሃል ቡሬ እየተሰደበች ታመነዥካለች። አፍንጫው ሲሳካ ዓይኑ ያኮርፋል፣ ዓይኑ ሲሳካ ግንባሩ የሌላ ላም ይሆናል። ሦስት ቀን ይበቃኛል ያሉት ሥራ ሁለት ሳምንት ሆነ።

ገለቴ ትበሳጭ ነበር። ስለ አህያዪቱ ሰባት ጊዜ ነግረዋታል። የብሩሽ ማጠቢያ ውሃቸውን የጥጃው መጠጫ ውስጥ ደፍተው ጥጃው ለሁለት ቀን አረንጓዴ ከንፈር ይዞ ዞሯል። እግራቸው ስር ያለውን እበት አይተው አያውቁም። ከዚህ ሁሉ ጋር፣ ጠዋት ጠዋት ገና ከመንገዱ ድምፃቸው ሳይሰማ፣ ገለቴ ሁለተኛውን ዱካ አውጥታ ታስቀምጣለች። የኔን ዱካ እንዳይቀሙኝ ነው ትላለች ለራሷ።

በአሥራ አራተኛው ቀን ጋሽ ፍቅረሥላሴ ዝም አሉ። ገለቴ ቀና አለች። ብሩሹ አየር ላይ ቆሟል፣ ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ተተክሏል። ሥዕሉ አልቋል። ልክ እንደ ሆነ ያወቀው ደግሞ ከራሳቸው በፊት እጃቸው ነው፤ ብሩሹን አላወርድም ብሏል። ከዱካው ተፈናጥረው ተነሱ።

«ቆንጆ! የቆንጆ ቆንጆ! ኧረ እንዲህ ያለች ላም በምድር ላይ የለችም! ዓይኗን እዩልኝ! ግርማዋን እዩልኝ! የሱሉልታ ሰው፣ ኑና እዩልኝ!»

መንገድ ላይ ከሚያልፉት ሦስቱ ቆመው አዩ። ቡሬ ደንግጣ ስትራገጥ ባልዲው ተገለበጠ። ወተቱ በእበቱ ላይ ፈሰሰ። ገለቴ የፈሰሰውን አየች፣ በአጥሩ ላይ የተደረደሩትን ፊቶች አየች፣ ደሟ ፈላ።

«ይውጡ! ይውጡልኝ ከቤቴ! ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳይደርሱ! ምን ብዬ ነበር? ምን ብዬ ነበር የለመንኩዎት?»

ጋሽ ፍቅረሥላሴ ሥዕሉን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ የውሃ ጠርሙሳቸውን እንኳ ሳያነሱ ሄዱ።

በማግሥቱ ቡሬ የወትሮዋን ግማሽ ሰጠች። በሦስተኛው ቀን ከግማሽም ያነሰ ሆነ። በሳምንቱ ከባልዲው ሥር የሚታየው አንድ ኩባያ የማይሞላ ነበር። ጥጃዋ ሲጠባ ወተቱ ከአፉ ተርፎ አረፋ ይሆናል፤ ገለቴ ስትቀርብ ግን ግቱ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። በሉብኝ አለች ገለቴ። በላሟ አንገት ክታብ አሰረች፣ ጸበል አጠጣች። ወተት ሊገዙ የመጡትን ሁሉ እየመለሰች አለቀሰች። በመጨረሻ የእንስሳት ሐኪሙን ሞቲን ጠራች።

ሞቲ ግቱን ዳበሰ፣ ጡቶቹን አንድ በአንድ አየ፣ ሙቀቷን ለካ።

«ላሟ ምንም አልሆነችም፣ አዴ ገለቴ። ወተቱ አለ፤ ይዛው ነው። ላም ልማዷ ሲቀየርባት እንዲህ ታደርጋለች። ስታለብ የተቀየረባት ነገር አለ? የሚያልባት ሰው፣ ቦታው፣ ሰዓቱ?»

«ምንም አልተቀየረም። እኔው ነኝ፣ በረቱም ያው በረት ነው።» ገለቴ የላሟን ክታብ አስተካከለች። «አንድ ሲሰድባት የነበረ ሰው አባርሬያለሁ።»

ሞቲ በሙያው ብዙ ሰምቷል፣ ይህን ግን አልሰማም። «በየቀኑ?»

«በየቀኑ። ጠዋት ጠዋት፣ ስታለብ።»

«እንግዲያው እሱ ነዋ!» አለ ቦርሳውን እየዘጋ።

ገለቴ ተናደደች። በሳይንሱም በሐኪሙም ተናደደች። ማታውን ግን ማንም እንዳያያት የበረቱን በር ዘጋች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ድምጿን አጎርንና «አንቺ የተቀደደ ጆንያ!» አለች። ቡሬ ዞር ብላ አየቻት። «ጭቃ የጠጣ ቦት ጫማ!» ቡሬ ፊቷን መልሳ ወደ መንገዱ አቅጣጫ ጆሮዋን ቀጥ አደረገች። ገለቴም ወደዚያው አየች። ማንም አልነበረም። በረቱ ጭር ብሏል። ቤቱም ጭር ብሏል።

ቦሩ ክፉ ልጅ አይደለም። እናቱ ሌሊት እየተነሳች እጇ በብርድ ሲሰነጠቅ ማየት ሰልችቶታል፤ ላሞቹን ሽጠን እንረፍ ማለት ከጀመረ ቆይቷል። አሁን ምክንያት አገኘ።

«ሃርሜ፣ እናቴ፣ የማትታለብ ላም እየቀለብን እስከ መቼ? ቅዳሜ ጠዋት የሥጋ ነጋዴ ይዤ እመጣለሁ። ሳትከሳ ትሂድ።»

«ቅዳሜ?»

«ቅዳሜ። ቃል ሰጥቼዋለሁ።»

ዓርብ ጠዋት ገለቴ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ሚኒባስ ተሳፈረች። ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ ዊንጌት፣ ከዊንጌት አስኮ፣ ከአስኮ ቡራዩ፣ መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ስታዘጋጅ ሄደች። እንዴት አድርጋ እንደምትወቅሳቸው፣ ምን ምን እንደምትላቸው ቃል በቃል ደረደረች። ከወሬያቸው ስሙን የለመደችው ቡራዩ ወርዳ አንዱን ባለሱቅ «እንስሳ የሚስሉት ሰውዬ ቤት የት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ኧረ በስማም! አንቺን ደግሞ ምን አደረሱብሽ?» አላትና በሩ ድረስ ወሰዳት።

ጋሽ ፍቅረሥላሴ ጠረጴዛ ላይ ሽንኩርት አስቀምጠው ይስሉ ነበር። የተሳለው ሽንኩርት ሽንኩርት ብቻ ነበር። ገለቴን ሲያዩ ብሩሹ ከእጃቸው ወደቀ።

«ሞተች?»

«አልሞተችም።»

«ተናገሪ... ይናገሩ እንጂ! በላኋት፣ አይደል? ያን ቀን በዓይኔ በላኋት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍም አልወሰደኝ። እንስሳ ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። ይኸው ሽንኩርት እስላለሁ፤ ሽንኩርት ዓይን የለው፣ ዓይንም አይበላው።»

ገለቴ መንገዱን ሙሉ የደረደረችው ወቀሳ የት እንደገባ ጠፋት። የወደቀውን ብሩሽ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸው።

«ዓይንዎ አልበላትም» አለች። «ዝምታዎ ነው የበላት። ከሄዱ ወዲህ ወተቷን ያዘች። ሐኪሙ አይቷታል። የምትፈልገው... ስድብዎን ነው። ነገ ጠዋት ነጋዴ ሊወስዳት ይመጣል።»

«ስድቤን?»

«አዎ።»

«ቡሬ? እኔን?»

«እህቴ፣ በናትሽ ውሰጂልኝ!» አሉ ወይዘሮ ትጊ ከጓዳ እየወጡ። «እሳቸው ዝም ሲሉ ቤቱ በረደ። ግድግዳው እንኳ አስፈራኝ። በኔ ሞት ዛሬውኑ ውሰጂልኝ!»

ቅዳሜ ገና ፀሐይ ብቅ ስትል ነጋዴው በረት ውስጥ ነበር፤ በመጀመሪያው ሚኒባስ እደርሳለሁ ያሉት ጋሽ ፍቅረሥላሴ ግን አልመጡም። የቡሬን ጎድን ዳበሰ፣ ሽንጧን ጨበጠ፣ ለቦሩ አንገቱን ነቀነቀ። ገለቴ ባልዲዋን ይዛ ዱካዋ ላይ ተቀምጣለች። አንዴ ላልባት፣ የመጨረሻዬ ነው ብላ ነው ያስቆመቻቸው። እጇ ጡቱን ይጎትታል፣ ጠብ የሚል የለም። ነጋዴው ገመዱን ማጠንጠን ጀመረ። ገለቴ ከላሟ ጎን ግንባሯን አላነሳችም፤ እንባዋ በቡሬ ፀጉር ላይ ይወርዳል።

ከመንገዱ ድምፅ መጣ።

«አንቺ የተቀደደ ጆንያ!»

ነጋዴው ዞር አለ። «እኔን ነው?»

«አንቺ የደረቀ ጀሪካን! ሰው አስቸግረሽ ሰው የምታስለቅሺ! ፊትሽን ጅብ እንኳን አይፈልገው! የት ነሽ አንቺ እርጥብ ካልሲ፣ የት ነሽ!»

ቡሬ ሁለት ጆሮዎቿን አቆመች። ጋሽ ፍቅረሥላሴ ክራቫት አስረው፣ አንዱን ጫማ ጭቃ ውስጥ ትተው፣ የሚሮጥ ሰው በማይሰድብበት ፍጥነት እየተሳደቡ ገቡ። ድምፃቸው በረቱን ሲሞላ ገለቴ በጣቶቿ መሃል አንድ ነገር ሲለሰልስ ተሰማት። ግቱ ሞቀ። የመጀመሪያው ጅረት ባልዲውን ሲመታ እንደ ደወል ጮኸ።

«መጣ!» አለች ገለቴ። «ቦሩ፣ መጣ! አያቁሙ ጋሼ፣ በናትዎ አያቁሙ!»

«አንቺ ቀንዳም አሽሙረኛ! አንቺ ያለ ማህደር የምትዞሪ! አንቺ ግልባጭ እንኳን የማይገባሽ!» ስድብ ሲያልቅባቸው ከመዝገብ ቤት እያመጡ ጨመሩ። ባልዲው ግማሽ ሆነ። ባልዲው አፍ ድረስ ሆነ። ቦሩ አፉን ከፍቶ ቆይቶ ሌላ ባልዲ ፍለጋ ሮጠ። ሲመለስ ገመዱን ከነጋዴው እጅ ተቀበለና «ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ተውነው» አለው። ነጋዴው ሲወጣ ሁለቴ ዞር ብሎ አየ፤ ላሟን ሳይሆን ሰውየውን።

ገለቴ እንባዋንም ሳቋንም መለየት አቅቷት በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ጋሽ ፍቅረሥላሴ ድምፃቸው ሰልሎ፣ ላባቸው በክራቫታቸው ላይ እየወረደ፣ በአንድ እግር ጫማ ቡሬን በሩቁ እያዩ ቆሙ። ማመስገን እንደሌለባቸው ያውቃሉ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቦርሳቸውን አነሱ።

«እንግዲህ አዴ ገለቴ፣ ደህና ናት። ቀስ በቀስ ያለ እኔም ትለምዳለች። ሬዲዮ ይክፈቱላት። ሥዕሉም አልቋል፣ ከእንግዲህ የሚያመጣኝ ሥራ የለኝም። ያደረስኩብዎትን ሁሉ ይቅር ይበሉኝ።»

የአጥሩን በር ሲከፍቱ ገለቴ አየቻቸው። ከነገ ጀምሮ ያን መንገድ ማዳመጥ፣ ማንም የማይመጣበትን መንገድ፣ እንደማትችል በዚያች ቅጽበት ገባት። ባልዲውን አስቀምጣ ተነሳች።

«ጋሽ ፍቅረሥላሴ!»

«አቤት?»

«አራት ላም ነው ያለኝ» አለች ገለቴ፣ ወደ መሬት እያየች። «የሳሉት አንዷን ብቻ ነው። ጥጆቹን ሳንቆጥር።»